የማንም ያልነበረው መታጠፊያ

ከታላቁ ድርቅ በኋላ በሦስተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ወር አጋማሽ፣ ከዙፋኑ ከተማ የመጣ አዋጅ ነጋሪ በአደባባዩ መካከል ፈረሱን አቁሞ መለከቱን ነፋ፤ ሕዝቡም ሥራውን እየጣለ ተሰበሰበ። ንጉሡ ለአገሩ ታላቅ ገበያ ሊያቋቁሙ ነው፤ እንደራሴያቸው በሠረገላ እየዞሩ ከተሞቹን ይመለከታሉ፤ ከሠረገላቸው ሳይወርዱ ከገቡ ገበያው የዚህች ከተማ ይሆናል፤ መንገድ አስቸግሯቸው በእግራቸው ከረገጡ ግን ከተራራው ማዶ ላለችው ከተማ ይሰጣል። ነጋሪው ይህን ተናግሮ ሄደ።

አዋጁን ሰምቶ ከሁሉ አብልጦ የደነገጠው የመንገድ ሹሙ ነበር። ከላይ ሰፈር ወደ ታች ሰፈር የሚወርደው መንገድ ከመካከሉ ላይ በገደል አፋፍ ይታጠፋል፤ በዚያ መታጠፊያ ቦዩ በደለል ከተደፈነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የዝናቡም ውኃ መሄጃ ሲያጣ በመንገዱ ላይ እየጋለበ ንጣፉን ነቅሎ ገደል ይከተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው በስንፍና አልነበረም። በከተማዋ የቆየ ደንብ መሠረት ሰው ሁሉ ከደጁ ፊት ያለውን መንገድ ያድሳል፤ አንድ ጊዜ ድንጋይ ያኖረበት ቦታም ለልጅ ልጅ ግዴታው ይሆናል። በመታጠፊያው ግን ደጅ የሚባል የለም። የላይ ሰፈር ሰው «የታቾች ነው» ይላል፤ የታች ሰፈር ሰው «የላዮች ነው» ይላል፤ በዚያ የሚያልፍም ሁሉ ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ ባለዕዳ እንዳይሆን እየተጠነቀቀ ያልፋል።

ሹሙ ደግ ሰው ነበር፤ ክፋቱ ደግነቱ ሰው ማስቀየም መፍራት ጭምር መሆኑ ነው። የላይ ሰፈር አለቃ የሆኑት ሽማግሌ ሸማኔ የሚስቱ አባት ናቸው፤ የታች ሰፈር አለቃ የሆነው አንጥረኛ ደግሞ አብሮ አደጉ ነው። ስለዚህ የመታጠፊያው ነገር በተነሣ ቁጥር «ለከርሞ ይታያል» እያለ ክረምቱን በክረምት ላይ ደረበው። ከተማውም ዘወር ሲልለት «ሹም ከርሞ» ብሎ ይጠራው ጀመር፤ እርሱም ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ሸንጎው በአዳራሹ ተቀመጠ።

«ጌቶቼ፣ ዘንድሮ ለከርሞ የሚባል ነገር የለም» አለ ሹሙ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በእጁ አፈነ።

«እኛ ከደጃችን ያለውን አሳምረን አድሰናል» አሉ ሸማኔው። «አባቶቻችንም እዚያ ድንጋይ አኑረው አያውቁም።»

«የእኛስ መቼ አኖሩ?» አለ አንጥረኛው። «ዛሬ አንዲት ድንጋይ ባስቀምጥ ነገ የልጅ ልጆቼ አንገት ላይ ናት። እኔን አትሸውዱኝም!»

«ገበያው ሲሄድ እኮ የምንጎዳው እኩል ነን» አለ ሹሙ።

«እኩል ከሆነማ ደግ ነው» አሉ ሸማኔው፤ ከልባቸውም ነበር የተናገሩት።

ይህን እየተባባሉ ሳለ ከቁልቁለቱ በኩል የእንጨት መሰበርና የሰው ጩኸት ተሰማ። ሸንጎው እንዳለ ወጥቶ ሮጠ። ጋሪ በመታጠፊያው ተገልብጧል፤ ከሥሩ የተያዘው ጋሪ ነጂም የሹሙ የበኩር ልጅ ነበር። ላዮችና ታቾች ማንም ሳያዝዛቸው ጋሪውን በአንድ ትከሻ አነሡት፤ አንጥረኛው መንኰራኵሩ እንዳይንሸራተት ትልቅ ድንጋይ ወሸቀበት፤ ሸማኔውም በዚያ ዕድሜያቸው በጭቃው ተንበርክከው የልጅ ልጃቸውን ጎትተው አወጡት። እግሩ ተልጦ ይደማል እንጂ አልተሰበረም።

ሁሉም እፎይ ባለ ጊዜ፣ አንጥረኛው ግራና ቀኙን አየና የወሸቃትን ድንጋይ አንሥቶ ወደነበረችበት መለሳት፤ እጁንም አራገፈ።

ሹሙ ልጁን እንዳቀፈ ይህን አየ። ለልጁ ሲሆን ማንም ወሰን አልጠየቀም፤ ለመንገዱ ግን አንዲት ድንጋይ እንኳ ተመልሳ ተወሰደች። ስንት ዓመት ሲያመነታ የኖረበት ነገር በዚያች ቅጽበት ተገለጠለት።

ቤት ከገቡ በኋላ ሚስቱ የልጃቸውን እግር ታጥብ ጀመር።

«ሰዉም እንዳንተ ለከርሞ ቢል ኖሮ ይህ እግር አይተርፍም ነበር» አለች ቀና ሳትል።

«አንቺም እንዲህ ትይኛለሽ?»

«አገር የሚልህን እኔ ምን ብዬ ላስተባብልልህ?»

ያሰበውን ነገራት። መታጠፊያውን እንደ ሹም ሳይሆን እንደ አባወራ ይወስደዋል፤ የቤታቸው ድርሻ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያግዘው ጎረቤቱን ነው እንጂ መንገዱን አይደለም፤ ዕዳም አይሆንበትም። ሚስቱ ጨርቁን ጨመቀች።

«የልጆቻችንን ትከሻ ነው የምትሰጠው» አለችው።

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የጠየቅሁሽ።»

«እኔ እስማማለሁ» አለ ልጁ ከመደቡ ላይ።

«አንተ ዝም በል፤ ታመሃል።» ደግሞም ወደ ባሏ ዞረች። «ቤቱ የሁለታችን ነው፤ ብቻህን አትሰጠውም። የመጀመሪያዋን ድንጋይ የማኖራት እኔ ነኝ፤ ባንተ እጅ ከገባች ለከርሞ ትቆያለች።» ሹሙም ከብዙ ዓመት ወዲህ በዚያ ቅጽል ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

በነጋታው ሹሙ የሹመት በትሩን በአዳራሹ ትቶ ከሚስቱ ጋር ወደ መታጠፊያው ወጣ፤ ሰዉም ግር ብሎ ተከተላቸው። እርሷ ድንጋዩን አኖረች፤ እርሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ የእኛ ነው፤ የልጆቻችንም ነው» አለ። «እንግዲህ ጎረቤቶቼ፣ ደጄ ፈርሶብኛል፤ አግዙኝ።»

ሸማኔው ጺማቸውን እየዳበሱ «ይህ የከተማው ሥራ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይደለም አባቴ። የልጅዎ ቤት ሥራ ነው።»

«እንግዲያውስ ለልጄ ነው! መንገዱን አላውቀውም!» ብለው አካፋ ተቀበሉ። አንጥረኛውም የትናንቷን ድንጋይ ከነበረችበት አምጥቶ ከሴትዮዋ ድንጋይ አጠገብ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የላይ ሰፈርም የታች ሰፈርም ሰው ዶማውን ይዞ ጎረፈ።

«እንደራሴው የሚያዩት ላዩን ነው፤ አፈር እናልብሰውና ይብቃን» ያሉ ነበሩ።

«አይሆንም» አለ ሹሙ። «ከቦዩ እንጀምራለን። ላይ ላዩን ማልበሱን ስናየው ኖረናል።» ጊዜው ጠባብ ነበር፤ ብዙዎችም አጉረመረሙ፤ እርሱ ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ማስቀየሙን ችላ አለው። ቦዩ ተጠረገ፤ የገደሉ አፋፍ በድጋፍ ግንብ ተያዘ፤ ንጣፉም መጨረሻ መጣ።

እንደራሴው ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ዝናቡ ቀድሞ ወረደ። ከተማው ከነልጆቹ በመታጠፊያው ዳር ቆሞ እየበሰበሰ ተመለከተ። ጎርፉ ከላይ እየደነፋ መጣ፤ ከመታጠፊያው ደረሰ፤ ቦዩን አገኘና እንደ ታዘዘ ሰው ዞሮ ሄደ። እልልታው አስተጋባ፤ ሸማኔውና አንጥረኛው ሳያስቡት ተቃቀፉ፤ ሹሙም ሰው ፊት አለቀሰ፤ አላፈረም።

በማግስቱ የእንደራሴው ሠረገላ ከላይ ሰፈር ወረደ። ሕዝቡ ከዳር ሆኖ ተጠባበቀ። ሠረገላው ታጠፈ፤ አልተንገጫገጨም፤ በመስኮቱም እንደራሴው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያንኮራፉ ታዩ። ከአደባባዩ ሲደርሱ ሎሌያቸው ቀሰቀሳቸው።

«ደረስን እንዴ?» አሉ። «ያ የተወራለት መጥፎ መንገድ የቱ ጋ ነበር?»

«አልፈውታል ጌታዬ» አለ ሹሙ። በዚያ ዕለት በከተማው ውስጥ የእርሱን ያህል የኮራ ሰው አልነበረም።

የዘመኑ ጸሐፊ ስለዚያ ዓመት የተወው «እንደራሴው በሰላም ገቡ፤ ገበያውም ተሰጠ» የሚለውን ብቻ ነው። የገበያው በር በእንደራሴው ስም ተጠራ። መታጠፊያው እስከ ዛሬ ‹ከርሞ› ይባላል፤ ታሪክ ስድቡን ይዞ ሥራውን ዘነጋው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ዝናብ ሳይጀምር ከአንድ ቤት ሰው አካፋ ይዞ ይወጣና ቦዩን ይጠርጋል። ስለ ሹሙም፣ ስለ ሚስቱም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለምን እንደሚጠርግ መንገደኛ ሲጠይቀው «የእኛ ነዋ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።