በጋሻዬ የተላከከ ሞት

ሟቹ በውሻው ቤት ደጃፍ፣ ጭንቅላቱ ከድንጋዩ የውሃ ገንዳ ሥር ወድቆ ተገኘ። በነጭ ሸሚዙ ደረት ላይ ሁለት የጭቃ መዳፎች ታትመዋል። ጥጃ የሚያህለው ግራጫ አዳኝ ውሻ፣ ጋሻዬ፣ አጠገቡ ተኝቶ ያቃስታል።

«ዘሎበት ነው የጣለው። ይገደልልን!» አለ ትናንት ከሩቅ አገር የመጣው የሟቹ ታናሽ ወንድም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አሻራውን አየች። ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ የጥፍር ጭረት የለበትም።

የሟቹን ሚስት ወጥ ቤት አገኘቻት።

«ባለቤትዎ ከወንድማቸው ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ስለ ውሾቹ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከዚህ ዘር የተረፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከራሳቸው አፍ ነጥቀው እያበሉ ነው ያበዟቸው። ባሌ ግን ‹ገና በስድስት ዓመታቸው ልባቸው አብጦ ሲሞቱ ማየት መረረኝ፤ ዘሩ በጋሻዬ ይብቃ› ብሎ ሊያስኮላሸው ነበር።»

«ውሻው ይዘላል?»

«ኧረ የት! ከወገቡ በታች ከከዳው ሰንብቷል። እኔና ባሌ በጨርቅ ደግፈን ነው የምናነሣው።»

«ወንድምየው ታዲያ ይህን አያውቅም?»

«ትናንት የመጣው ጋሻዬ በልቶ ሲተኛ ነው። ባሌም ‹ከበላ በኋላ ከተንቀሳቀሰ ሆዱ ይጠማዘዛል፤ ይረፍ› ብሎ ሸፋፈነው። ሕመሙን ሊነግረው አልፈለገም።»

ጋሻዬን የሚያክመው የእንስሳት ሐኪምም ይህንኑ አረጋገጠ። መርማሪዋ ሐኪሙን፣ ሚስትየዋንና ወንድምየውን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ውሻ ጤነኛ ሆኖ ቢዘል መዳፉ የሚያርፈው ትከሻ ላይ ነው፤ ጥፍሩም ሸሚዙን ይቀድ ነበር» አለች። «ይህን አሻራ የሰው እጅ የውሻውን መዳፍ ይዞ አትሞታል። ሐኪሙና የሟቹ ባለቤት ጋሻዬ መቆም እንደማይችል ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ ውሸት አይፈጥሩም። የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ቀረብ አለች።

«ደግሞም ከውሻው የገለባ መኝታ እስከ ደጃፉ መሬቱ ተፍቋል። ውሻው የጌታውን ድምፅ ሰምቶ በደረቱ ተስቦ ነው የመጣው። ወንድምዎ ወዲያው አልሞቱም ማለት ነው። የሬሳ ምርመራውም ይህንኑ ይላል።»

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም!» አለ ወንድምየው። «የአባታችንን ልፋት በአንድ ቀን ሊያጠፋው ሲል ደሜ ፈላ።»

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ጠየቀችው፤ «ወድቆ ሳለ ጮኾ ተጣራ?»

«አዎ፣ ተጣራ።»

«ማንን?»

«መጀመሪያ እኔን። ዝም ስለው… ጋሻዬን። እየተሳበ መጣለት፤ የፈራ መስሎኝ ነበር።»



«አንተኮ እግር ነበረህ» አለችው ሚስትየዋ።