ፑርና አባት አለው

«አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ዛሬ ምን ልትረብሺ መጣሽ?» አላት ቲላክ ገና ከሩቅ ሲያያት።

ቢስና እያለከለከች አለፈችው። ከመንደሯ እስከ ኔፓሏ ተራራማ ከተማ ሲሚኮት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ዳገቱን በሩጫ ነው የወጣችው። በሽቦ አጥሩ ጥግ ቲላክ ያደላቸውን አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጃኬት የለበሱ ሕፃናት ከነወላጆቻቸው ቆመዋል። ከመካከላቸው የአጎቷ ልጅ ፑርና አለ። ገና ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ሎክማን ተንበርክኮ የጃኬቱን ዚፕ ይዘጋለታል።

ቲላክ ልጆቹን ዋና ከተማው ካትማንዱ ውስጥ ወዳለው የልጆች ማሳደጊያ ቤቱ ሊወስዳቸው ነው። «ትምህርቱም ምግቡም በነፃ» ሲላቸው ወላጆቹ ደስ አላቸው። የመንደሩ ትምህርት ቤት በረዶ ከጣለ ወዲህ እንደተዘጋ ነው።

ቢስና ግን ያንን ቤት ታውቀዋለች። በስምንት ዓመቷ የወሰዳት ይኸው ሰው ነው። ክፍል ገብታ የተማረችው አልፎ አልፎ ነበር። የውጭ አገር እንግዶች ሲመጡ ልጆቹን ጫማ አስወልቀው ያስጨፍሯቸዋል፤ እንግዶቹ አልቅሰው፣ ገንዘብ ሰጥተው ይሄዳሉ፤ ለልጆቹ እራት ያው ውሃ የሆነ ምስር ነው። እናቷ ፈልጋ እስክታገኛት ዓመታት አለፉ። ተመልሳ ስትናገር ከእናቷ በቀር ማንም አላመናት። ቲላክ «ባለጌ ስለሆነች ተባረረች» ብሎ ቀድሞ አስወርቶባታል።

«አጎቴ፣ በእናትህ አትላከው።»

«ደግሞ ጀመርሽ!» አለ ሎክማን ተቆጥቶ። «እንደ እኔ የሰው ጭነት ተሸክሞ ይደግ? እንዲማር አትፈልጊም?»

«እንዲማርማ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው ዝም በይ!»

«ተዋት ወንድሜ፣ ቅናት ነው» አለ ቲላክ እየሳቀ። «እሷ ያጣችውን እሱ ሲያገኝ አንጀቷ አሯል።»

ሌሎቹም ሳቁ። ቢስና ፊቷ ጋለ። ዞራ ልትሄድ ስትል ግን የፑርና ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። አንድ ነገር በቃሉ ይደጋግማል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። እሷም እዚሁ ቆማ በቃሏ ያጠናችው ነው።

ተመልሳ ፊቱ ቁጢጥ አለች። «ፑርናዬ፣ ጋሽ ቲላክ ያስጠናህን እስቲ ልስማው። አባትህ ማነው?»

«ኧረ ጊዜ የለንም! ተሰለፉ!» ቲላክ ጮኸ።

ፑርና ግን ማጥናቱን ማሳየት ፈልጓል። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚመልስ ተማሪ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አባት የለኝም። አባቴ በናዳ ሞተ። እናቴም ሞተች። ማንም የለኝም።» ከዚያ ወደ ሎክማን ዞረ። «አባባ፣ አልተሳሳትኩም አይደል?»

የሎክማን እጅ ዚፑ ላይ ቀረ።

«ማነው የሞተው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እ... እንግዶቹ እንዲራሩላቸው ብቻ እኮ ነው» ቲላክ ተንተባተበ። «ለእነሱው ጥቅም...»

«እኔን ቀብረህ ነው ልጄን የምታስተምረው?»

ከጎናቸው የቆመች እናት የልጇን ትከሻ ያዘች። «አንቺንስ ምን በይ አለሽ?»

ልጅቷ አለቀሰች። «‹እማዬ ሞታለች› በይ አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አልጠበቀም። ጃኬቶቹ እየተወለቁ ቲላክ እግር ሥር ወደቁ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ እሱ ሹልክ ሊል ሞከረ፤ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት የተሸከመው ሎክማን ግን በአንድ እጁ ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው። የማረፊያው ፖሊስ ሩክሚና ደርሳ እስክትረከበውም አልለቀቀውም።

አውሮፕላኑ ያለ ልጆቹ ተነሣ። ፑርና አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እጁን አውለበለበለት። ቅድም የሳቁባት ሰዎች ቢስናን ከበው አቀፏት፣ ጨበጧት፣ አንዷ እናት ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለ ሎክማን ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ቀድሞውኑ ልሰማሽ ይገባኝ ነበር።»

ቢስና ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት።

ትንሽ ቆይቶ ሩክሚና ለብቻዋ ጠራቻት። «እዚያ ቤት አሁንም ልጆች አሉ?»

«አሉ። ሱንማያ የምትባል ትንሽ ልጅ ብርድ ልብሴን ትጋራኝ ነበር።»

«ሰውዬው ቤቱን አላሳይም ብሏል። አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ግን አላስገድድሽም፤ ከመጣሽም ከእናትሽ ጋር ነው።»

ቢስና ያንን ከተማ ዳግመኛ ላትረግጥ ለራሷ ምላ ነበር። አውሮፕላኑ ዞሮ የጠፋበትን ተራራ ቀና ብላ አየች።

«ቀጣዩ አውሮፕላን መቼ ነው?» አለች።