የታማኞቹ አዳራሽ

ጌንዞ በየደረሰበት ቤት እንደሚያደርገው፣ መጀመሪያ የሣር ጫማውን ከደጃፉ አውልቆ ውሃውን አራገፈ፤ ከዚያም ጎራዴውን ከወገቡ ፈትቶ በእንግዳ ደንብ በሩ ሥር አስቀመጠ። ጌታ የሌለው ሳሙራይ ነበር። ጌታው ሲሞቱ እሱ ለመልእክት ሩቅ ወደብ ሄዶ ነበርና፣ የጦር ጓዶቹ ሁሉ በሳሙራዮች ሕግ መሠረት በገዛ ጩቤያቸው ሆዳቸውን ቀድደው ጌታቸውን ሲከተሉ እሱ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ ሲንከራተት፣ ማንነቱ በታወቀ ቁጥር ሰው ፊቱን ሲያዞርበት ኖረ። አሁን ግን መሮታል፤ ጓዶቹ በሞቱበት አዳራሽ እንደ እነሱ ሊሞት መጥቷል።

በሟቹ ጌታው ቤት የተቀበለችው የልብ ጓደኛው የሃቺሮ ሚስት ኦሴን ነበረች። ባለፈው ጊዜ ሲያያት የተጣፈ ልብስ ነበር የምትለብሰው፤ ዛሬ ሐር ለብሳለች። ትኩስ ሩዝ አቀረበችለት። ሃቺሮ በመጨረሻ ምን እንዳለ ሲጠይቃት፣ ያልጎደለውን ሳህን ደግማ ሞላችው።

ወደ አዳራሹ ስትመራው አመሻሹ ላይ የጀመረው ዝናብ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። በሩ እንደ ሌሎቹ የቤቱ በሮች ከወረቀት ሳይሆን ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ ነው። ነጭ ልብስና አጭር ጩቤ አስቀምጣለት፣ ወደ ውስጥ አንዴም ሳትመለከት ሄደች። አዳራሹ የጥድና የአዲስ ቀለም ሽታ ነበረው፤ ከቀለሙ ሥር ግን የቆየ ዓሣ የመሰለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሌላ ሽታ አለ። ሊንበረከክ ጎንበስ ሲል፣ በበሩ ሳንቃ ላይ፣ ከወለሉ እምብዛም ሳይርቅ፣ ቀለም የተቀባባቸው ቦዮች አየ። ጣቶቹን ሰደደባቸው፤ አምስቱም ልክክ ብለው ገቡ። አንደኛው ቦይ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ነበርና በጩቤው ጫፍ ፈልፍሎ አወጣው።

የሰው ጥፍር ነበር።

ሞቱን ሊመሰክር የመጣው የቤቱ አዛዥ፣ ሽማግሌው ሺባታ፣ ጥፍሩን በመዳፉ ይዞ አገኘው። አልደነገጠም። ጓዶቹ ለመሞት እምቢ እንዳሉ፣ አንዳንዶቹም እንዳለቀሱ፣ አሽከር በሚያዝበት ድምፅ ነገረው። ሆዳቸው የተቀደደው እዚህ ተዘግቶባቸው በረሃብ ከሞቱ በኋላ ነው። የበላይ ገዢው ስለ ታማኝነታቸው ሰምቶ ልቡ ስለተነካ፣ ሊወርሰው ያሰበውን መሬት ለቤቱ አጸናለት፤ ሚስትና ልጆቻቸውም ከልመና ዳኑ።

ጌንዞ እነዚያን ሰዎች ምን ያህል እንደቀናባቸው አሰበ። በኑሯቸው ሳይሆን በሞታቸው ነበር የቀናው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ መኖር ፈለገ።

«በሩን ማን ዘጋባቸው?» አለ።

«ሚስቶቻቸው» አለ ሺባታ። «እኔ መቀርቀሪያውን መወርወር አቅቶኝ ነበር።»

ጌንዞ እንደማይሞት፣ በማለዳ ገዢው ዘንድ ሄዶ ሁሉንም እንደሚናገር ገለጸለት። ሽማግሌው በአክብሮት እጅ ነሥቶ፣ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው ወጣ። ሳንቃው ተዘጋ፤ ከውጭ በኩል መቀርቀሪያው ሲወረወር ተሰማ።

«እኛ አንቸኩልም» አለው ከወዲያ።

ጌንዞ ትከሻው እስኪደማ በሩን ገፋ። ጩቤው ከሳንቃው ጋር ሲታገል ለሁለት ተሰበረ። ጮኸ፤ በየስማቸው እየጠራ የጓዶቹን ሚስቶች ለመናቸው፤ ዝናቡ እስኪያባራ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ። በመጨረሻ ደክሞት ጆሮውን እንጨቱ ላይ ሲያሳርፍ፣ ኦሴን ከበሩ ማዶ ልጆቿን ሰብስባ፣ ጌንዞ እንዴት ባለ ጀግንነት እንደሞተ በለሰለሰ ድምፅ ስትተርክላቸው ሰማ።