አዱሬ ጀርባዋን ስትሰጥ

ድመቷ ሞያሌ የገባችው በቦሎቄ ጆንያ ላይ ተጋድማ፣ የፊት ቀኝ እግሯ አብጦ ነው። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 2015፣ ከናይሮቢ አቅጣጫ የሚመጣው አስፋልት ከተማዋን ሊነካ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነበር። ሹፌሩ ጋሮማ ከሻሸመኔ የጫነውን ቦሎቄ በኬንያ በኩል ለማራገፍ ተራ ከያዘ በኋላ፣ ድመቷን በጃኬቱ ጠቅልሎ ሄሉ ሰፈር ወዳለው የከብት መድኃኒት ሱቅ በእግሩ ሄደ።

ሱቁ ምዜ ሁካ የሚሏቸው አዛውንት ንብረት ነው። እሳቸው ግን ቀኑን የሚያሳልፉት ከብት ገበያው ውስጥ ስለሆነ፣ ቁስል የምታጥበውም መርፌ የምትወጋውም ምንታምር የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበረች። ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማታወራ፣ ሰው ስታይ ዓይኗን የማትሰብር ልጅ። ገበያተኞቹ «ያቺ ደረቋ» ይሏታል።

«እህቴ፣ ድመት ታክማላችሁ?»

«የምናክመው ፍየልና ግመል ነው።»

«እሷም እኮ አራት እግር አላት።»

ምንታምር አልሳቀችም። ድመቷን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እግሯን ዳሰሰች። ሽቦ ገብቶባት ኖሯል። ሽቦውን ነቅላ መግሉን አጠበች፤ መድኃኒት ቀባች። ድመቷ ክንዷን ሁለት ቦታ ቧጠጠቻት። ሹፌሩ አጠገባቸው ቆሞ «ፖሌ፣ ፖሌ» ይላል። በስዋሂሊ አይዞሽ ማለቱ ነው፤ ለየትኛዋ እንደሆነ ግን አልታወቀም።

«ስሟ ማነው?» አለችው መዝገብ እያወጣች።

«አዱሬ።»

«አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው።»

«ታዲያ ድመት አይደለችም እንዴ?»

ያን ጊዜ ከንፈሯ ትንሽ ሸሸ። ጋሮማ አይቶታል።

ቁስሉ ለአስር ቀን መታጠብ ነበረበት። ጭነት ደግሞ አስር ቀን አይጠብቅም። አዱሬ ጆንያ የሚቀድዱ አይጦችን ስታባርር ሁለት ዓመት አብራው የተጓዘች ናት፤ ቢሆንም በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብሎ እዚያው ትቷት ሄደ።

አዱሬ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ከመደርደሪያው ሥር አልወጣችም። ምንታምር ጎንበስ ብላ ታያታለች፤ ድመቷ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታስተኛና ጥርሷን ታሳያለች። ፍየል ቢሆን ምን እንዳመመው ከአቋቋሙ ታውቃለች። ይቺን ግን ማንበብ አልቻለችም። ቁስሏን ለማጠብ እንኳ በየቀኑ በከረጢት ይዛ ነው የምታወጣት።

ጋሮማ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሲመጣ የነገረችው ይህንን ነው።

«እግሯ ድኗል። እኔን ግን ጠልታኛለች።»

«እንዴት አድርገሽ ነው የምታያት?»

«በዓይኔ ነዋ!»

«አሁን እኔን እንደምታዪኝ ከሆነ እኔም መደርደሪያ ሥር እገባለሁ።» ከዚያ ሳቁን ተወና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ለድመት ትኩር ብሎ ማየት ጠብ መፈለግ ነው። እይኝ።»

ወደ መደርደሪያው ዞሮ ዓይኑን እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ቀስ አድርጎ ከደነ፤ ቀስ አድርጎም ገለጠ። ጥቂት ቆየ። ከጨለማው ውስጥ ሁለት ቢጫ ዓይኖች እንደዚያው ተከድነው ተገለጡ።

«ምን አልካት?»

«ከአንቺ ዓይኔን ብነቅል አልፈራም አልኳት። እሷም እኔም አልፈራም አለችኝ።»

የጉምሩክ ወረቀቱ ዘገየና ጋሮማ አራት ቀን ሞያሌ ቆየ። ሥራ ፈት ሹፌር ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ይውላል። ምንታምር በመጀመሪያ አልተመቻትም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ ስታየው እጇን በፎጣ መጥረግ እንደጀመረች ራሷም ታዘበች።

አዱሬም ወጣች። አንድ ቀን ጅራቷን እንደ ዘንግ አቁማ፣ ጫፉን ብቻ ቆልመም አድርጋ ወደ ምንታምር መጣችና ጉንጯን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሻሸች።

«ሰላም ብላሻለች» አለ ጋሮማ። «ጉንጯን ስታሽሽ ደግሞ ጠረኗን ቀባችሽ። ከእንግዲህ የቤት ሰው ነሽ።»

በማግስቱ ድመቷ ፀሐይ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ነጭ ሆዷን ገለጠች። ምንታምር ደስ ብሏት ሆዷን ልትዳብስ እጇን ሰደደች። አዱሬ በአራቱም እግሯ እጇን ጥርቅም አድርጋ ነከሰቻት።

«አሳየችኝ እኮ!» አለች ምንታምር ደሟን እየጠረገች።

«አዎ፣ አሳየችሽ። አምኜሻለሁ ማለቷ ነው። ንኪኝ ግን አላለችም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።»

ምንታምር ቁስሏን አሰረች። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረችው። እናቷ ከኢትዮጵያ ተሰድዳ ኬንያ ባለው በዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ወለደቻት። አባቷ እናቱን ሊያመጣ ድንበር ተሻግሮ እንደወጣ ቀረ። ካምፑ ሲዘጋ እናቷ ከሌሎቹ ጋር ወደ ሌላ ካምፕ አልሄደችም፤ «ሲመጣ የት ያገኘናል?» ብላ ሞያሌ ተቀመጠች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልጇን ይዛ ኬላው አጠገብ ትቆማለች።

«እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያም በኋላ አንድ ዓመት ብቻዬን እሄድ ነበር። መልኩን እኮ አላውቀውም፤ የሚሻገረውን ወንድ ሁሉ ፊት ፊቱን አያለሁ። ሰው ትኩር ብዬ የማየው ከዚያ የተረፈኝ ልማድ ነው።»

ጋሮማ ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው አዳመጣት። እንዲያ መደመጡ ለእሷ ጥሩ ነበር፤ ስሜቱ ቤቷ እስክትገባ ድረስ አብሯት ሄደ።

እሱ ግን ነገሩን ሌላ ትርጉም ሰጠው። ወረቀቱ ባለቀ ቀን ማለዳ ኤባ የሚባል አዛውንት ሹፌርና አንድ ሌላ ሰው ሽማግሌ አድርጎ ማንያታ ሰፈር ወደሚገኘው የአጎቷ ቤት ላከ።

አጎቷ ሀይሌ ያሳደጋት የእናቷ ወንድም ነው። ድሮ ወታደር ነበር፤ አሁን ጎሚስታ ሆኖ የመኪና ጎማ ይለጥፋል። የጋሮማንም ጎማ ብዙ ጊዜ ለጥፏል። ሽማግሌዎቹን በደስታ ተቀብሎ «እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል» አላቸው።

ምንታምር ይህን የሰማችው ለምሳ ስትገባ ነው።

«ምን አስቆጣሽ?» አላት ሀይሌ። «ጎማውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚይዝ ሹፌር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሚስት ይበድላል?»

«ጋሼ፣ እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

ምሳዋን ሳትበላ ወደ ሱቅ ተመለሰች። ጋሮማ ደጃፉ ላይ ፀጉሩን አበጥሮ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ቆመ።

«ነገሩሽ?»

«ነገሩኝ።»

«እኔ እኮ… ያን ሁሉ ስትነግሪኝ ጊዜ፣ ወደሽኛል ብዬ…»

«ሆዷን ያሳየች ድመት ንኪኝ አላለችም ያልከኝ ማን ነው?»

ምንታምር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ነገርኩህ፤ ምክንያቱም አመንኩህ። አንተ ግን እኔን ትተህ አጎቴ ጋ ሰው ላክህ። እኔ ፍየል ነኝ ከባለቤቴ ጋር የምትነጋገርብኝ?»

ጋሮማ ድመቷን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። እጁን መንገድ ላይ መለሰው።

«እዚህ ትቆይ?»

«እንደ ፈቃዷ።»

አዱሬ ከመደርደሪያው ሥር ገባች። ጋሮማ ባዶ እጁን ወጣ። ከሱቁ መስኮት መኪናው አቧራ አስነስቶ ወደ ኬላው ሲያቀና ታይቶ ጠፋ።

ሁለት ወር አልመጣም። ሀይሌ ከእህቱ ልጅ ጋር ከሰላምታ በቀር አያወራም። ምንታምር ሥራዋን ትሠራለች፤ የመኪና ክላክስ በሰማች ቁጥር ግን የጀመረችውን መርፌ ሳትወጋ ትቆማለች። እንደናፈቀችው ገብቷታል። እንደተቀየመችውም ገብቷታል። ሁለቱ አንዱ አንዱን ሳያባርር ልቧ ውስጥ መቀመጣቸው ነው ያደከማት።

በዚህ መሀል እዚያው ኬንያ ኢሲዮሎ ከተማ ካለ አንድ ኮሌጅ ደብዳቤ መጣላት፤ የእንስሳት ጤና ለመማር ካመለከተች ዓመት አልፏት ነበር። ተቀብለዋታል።

ጋሮማ የተመለሰው በዚያው ሳምንት ነው። ወደ ሱቁ አልገባም። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ምንታምር አንዲት ፍየል እስክትጨርስ አስጠበቀችው፤ ሌላም ፍየል ጨመረች። ከዚያ ወጥታ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ሳልጠይቅሽ ሽማግሌ መላኬ ጥፋት ነው። ይህን ለማለት ነው የመጣሁት እንጂ ሌላ ነገር ይዤ አይደለም።»

«ለምን ሁለት ወር ቆየህ?»

«ጠልተሽኛል ብዬ።»

«ተቆጣሁ እንጂ አልጠላሁህም።» አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀች። «ኢሲዮሎ ልማር ልሄድ ነው። ሁለት ዓመት።»

ጋሮማ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቃል እየመረጠ እንደሚናገር ሰው፣ «እየመጣሁ ልጠይቅሽ ትፈቅጃለሽ?» አላት።

ከተዋወቁ ጀምሮ በራሷ ጉዳይ ፈቃዷን ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር።

«ና። ስለ ጋብቻ ግን አታንሳብኝ።»

«ሃኩና ሺዳ» አለ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው።

ቃሉን ጠበቀ። መኪናው ሞያሌ ወረፋ ሲይዝ፣ እሱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ በአዲሱ አስፋልት ኢሲዮሎ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ከኮሌጁ በር ማዶ ከዛፍ ሥር ሁለት ሰዓት ያህል አብረው ይቀመጣሉ፤ በማግስቱ ይመለሳል። ስለ ትምህርቷ ይጠይቃታል። ስለ መንገዱ ያወራላታል። ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም።

አዱሬን የወሰዳት ሀይሌ ነው። ድመት አልወድም እያለ ሲነጫነጭ ከርሞ አንድ ምሽት ወደ ኢሲዮሎ ደወለ። የእራት ሰዓት ነበር።

«ይቺ ድመትሽ ጠላችኝ።»

«ምን አደረገችህ ጋሼ?»

«ከሥራ ስገባ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ዞራ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ምን በደልኳት? ወተት አልሰጠኋት?»

«ጥላቻ አይደለም ጋሼ። ድመት ጀርባዋን የምትሰጠው ‹ከኋላዬ ክፉ አይመጣብኝም› ላለችው ሰው ነው።»



«አንቺም ትንሽ ሆነሽ እንዲያ ነበር የምትተኚው» አለ ሀይሌ። «ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ። አጎቷን አትወድም እል ነበር። በይ፣ ደህና እደሪ።»



በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ገደማ ጋሮማ እንደ ልማዱ መጣ። ሦስት ቀን ሲያሽከረክር ሰንብቶ ነበር። ስለ ግመል ሳንባ በሽታ እያስረዳችው ሳለ መልስ አጣች፤ ዞር ስትል ተኝቷል። አንገቱ ዘንበል ብሎ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ክንዷ ደነዘዘ፤ አላነሳችውም። ከኮሌጁ የሚወጡት ልጆች እያዩ ይስቃሉ። ይህ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ እጇን ሳይነካ መመላለሱን ያን ጊዜ አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ እንቅልፍ ያላላውን የፊቱን የድካም መስመር ቀስ ብላ አየች። ትኩር ብላ አልነበረም።

ሲነቃ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ሳላውቀው ነው።»

«ጋሮማ።»

«አቤት?»

«ስመለስ ጋሼ ሀይሌ ጋ ሰው ላክ።»

ጋሮማ እንቅልፉ ጨርሶ ያልለቀቀው መስሎት ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። «እርግጠኛ ነሽ? እኔ እኮ ምንም አላልኩም።»

«ምንም ስላላልክ ነው። አሁን የምልህ እኔ ነኝ።»

በፈረንጆች 2018 መጀመሪያ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ኤባና ምዜ ሁካ ማንያታ ካለው ከሀይሌ ግቢ ገቡ። ኤባ ባለፈው ስላፈረ ሁለተኛ አልሄድም ብሎ በስንት ልመና ነው የመጣው። ሀይሌ የወታደርነት ዘመኑን ቁመና ይዞ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ተቀበላቸው።

«ልጃችንን ለልጃችሁ ብለን…» ብሎ ኤባ ጀመረና ተደናቀፈ። «ማለቴ ልጃችሁን ለልጃችን…»

«ቆይ» አለ ሀይሌ። «ባለፈው ሳልጠይቅ አፌን ከፍቼ ሁለት ወር ተኮራርፈናል። ሁለተኛ አይለምደኝም። ልጅቷ ራሷ ትጠየቅ።» ወደ ቤቱ ዞረ። «ምንታምር! ነይ ውጪ! ሽማግሌ መጥቶብሻል!»

ምንታምር የሻይ ትሪ ይዛ ወጣች። ለሁሉም አዳረሰች። የኤባን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችው።

«አይጨነቁ አባባ» አለችው። «እናንተን የላክኋችሁ እኔ ነኝ።»