ቁጥር አርባ አንድ ብልቃጥ

ብልቃጧ የለችም።

ዶክተሯ የቤተ ሙከራውን ማቀዝቀዣ ሦስት ጊዜ በረበረችው። ቁጥር አርባ አንድ ውሃ በላት።

በውስጧ ከሃያ ዓመት በፊት ከባሕር ወለል ጭቃ የተገኘች ባክቴሪያ ነበረች። የምታመነጨው ነገር አንቲባዮቲክ ሁሉ ያቃተውን የቁስል ጀርም ይገድላል። ከእሷ የተባዙት ልጆቿ ግን ሰሞኑን መግደል አቆሙ። እናቲቱ ካልተገኘች የሰባት ዓመት ልፋት ገደል ገባ።

«ዓርብ፣ ልጆቿ መድከማቸውን ሳላውቅ፣ አሮጌዎቹን ብልቃጦች አስወግዱ ያልኩት እኔው ነኝ» አለች ዶክተሯ ለፖሊስ መርማሪው። «ግን መዝገቡ ላይ ተወግዳለች ተብላ አልተሰረዘችም። ተሰርቃለች።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ባልደረባዬን። ወደ መድኃኒት ፋብሪካ ሊዛወር ነው።»

የባልደረባው ቦርሳ ተፈተሸ። አንድ ብልቃጥ ወጣ፤ የዓይን ጠብታ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ።

ቀጥሎ ዕቃ አጣቢው ሽማግሌ ቀረቡ። ሠላሳ ዓመት ሠርተው በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል።

«ብልቃጦቹን ያስወገደ ማነው?»

«እኔ። በእንፋሎት ቀቅዬ ደፋሁ።»

«አርባ አንድንስ?»

«አይቻት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

መርማሪው መዝገቡን ገለጠ። አርባ ተሰርዟል። አርባ ሁለት ተሰርዟል። በመሃል አንዲት ያልተሰረዘች መስመር አለች።

«በአፍዎ ዋሹኝ፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «በእጅዎ ግን ያልሠሩትን ሠራሁ ብለው መጻፍ አልሆነልዎትም።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ከዚያ የቤታቸውን ቁልፍ አውጥተው መርማሪውንና ዶክተሯን ይዘው ሄዱ።

በሩ ሲከፈት መርማሪው ባለበት ቆመ። በጋ ነው፤ ጠብታ ከወደቀ ወራት አልፏል። ክፍሉ ግን የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ልጅነቱ ድቅን አለበት፤ እሱና እህቱ ደጅ ላይ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው፣ እናታቸው «ግቡ፣ ትበሰብሳላችሁ!» ስትል።

«እሷ ናት!» አለች ዶክተሯ። «ስታድግ እንዲህ ነው የምትሸተው!»

ቁም ሳጥኑ ውስጥ አርባ አንድ ተቀምጣለች። ከጎኗ ባለው የመስታወት ሳህን ላይ ነጭ ዱቄት መስላ በቅላለች።

«ለምን፣ ጋሼ?» አለቻቸው ዶክተሯ።

«ጭቃውን ከጀልባ ላይ በገመድ የጎተተችው ባለቤቴ ናት። ብልቃጧ ላይ ያለው ጽሑፍም የእሷ ነው። ከሥራ ስትመለስ ቀሚሷ ይሄን ይሸት ነበር፤ ቤቴ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ነበር። ከሞተች በኋላ ልብሷን ሽታው ለቀቀው። አስወግድ ስትይኝ ሁለተኛ ልቀብራት ነው አልኩ፣ ልጄ። ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ አፈርኩ።»

«ግን እንዴት እንዲህ አማረባት? እኛ ጋ እየደከመች ነው።»

«በባሕር ውሃ ነዋ የማበላት! እናንተ በቧንቧ ውሃ ጨው እየበጠበጣችሁ ታታልሏታላችሁ።»

ዶክተሯ እየሳቀች አለቀሰች። ብልቃጧንና ሳህኗን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ወጣች።

መርማሪው ወረቀቱ ላይ «የጠፋው ተገኝቷል» ብሎ ብቻ ጻፈ። ቀና ሲል ሽማግሌው ባዶው ቁም ሳጥን ፊት ቆመዋል። ሽታው ገና አልሄደም።

«ይዝጉት፣ ጋሼ» አላቸው። «ቶሎ ይዝጉት፣ እንዳይወጣ።»