በዖዝ ገላ ላይ የበራው ስኳር

ተመራማሪውን ዶክተር ዖዝን ከምስል ማንሻ መሣሪያው ሲያወጡት ሞቶ ነበር። መርማሪ ሐጋር በለጠ በእስራኤል ቤርሼቫ ከተማ ዳርቻ ካለው ላቦራቶሪ ስትደርስ የበረሃው አቧራ መስኮቶቹን አጨልሟቸዋል፤ ሬሳው አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል።

ላቦራቶሪው ካንሰርን በምስል የሚያጋልጥ ጠቋሚ መድኃኒት ይሠራል፤ በሕሙማንም ላይ ይሞክራል። ዕጢ ስኳር ወዳድ ነው፤ ጨረር ያዘለ ስኳር በደም ሥር ሲሰጥ ይውጠውና ምስሉ ላይ ይበራል። ዖዝ ጤነኛ ስለነበር ለማነጻጸሪያ ብሎ ራሱ ተወጋ።

ሐጋር ምስሉን አስከፈተች። መብራት የነበረበት አንጎሉ ደብዝዟል፤ ክንዱ፣ ደረቱ፣ ጭኑ ግን እንደ ፍም ቀልቷል። መድኃኒቱ በእጃቸው ያለፈውን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠርታ «ጡንቻው ለምን በራ?» አለቻቸው።

«እኔ መውጋት እንጂ ምስል ማንበብ አላውቅም» አለች ነርሷ ኬረን። «ዝም ሲል እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ...» ዓይኗን ጠረገች። «ፕሮፌሰር ኦሃድ ምስሉን አጥፊው ብለውኝ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

መድኃኒቱን የቀመመችው ይታይሽ አንገቷን ደፋች። «ሰው ከበላ፣ ከሮጠ ወይ ኢንሱሊን ከወሰደ ስኳሩ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። እሱ ደግሞ ጾሙን ነበር።»

መርፌውን ከይታይሽ ለኬረን ያቀበለው የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ኦሃድ ግን ፈጠን ብሎ «ጠዋት ሮጦ ይሆናል» አለ።

በማግስቱ ሐጋር ሦስቱንም በዚያው ምስል ፊት ሰበሰበቻቸው።

«የሮጠ ሰው እግሩ ይበራል» አለች። «የዖዝ ግን አንድም ጡንቻ አልቀረም። ሆዱም ባዶ ነበር። የቀረው ኢንሱሊን ነው፤ ሲበዛ የደምን ስኳር አውርዶ ይገድላል። ገላው ላይ ያለው የመርፌ ቀዳዳ አንድ ብቻ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር ነው የገባው።»

ኬረን አፏን በእጇ ያዘች።

«ይታይሽ ብትሆን ኢንሱሊንን በገዛ አፏ አታነሳብኝም ነበር። ኬረን ብትሆን ምስሉን አጥፊ ስትባል ታጠፋው ነበር። መርፌውን ከይታይሽ ተቀብለው ለኬረን ያደረሱት እርስዎ ነዎት። ለመሆኑ ለእነሱ ሙያውን ያስተማሩ ሰው ሩጫን ብቻ ሲያነሱልኝ ኢንሱሊንን እንዴት ዘነጉት?»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ኦሃድ።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ግምት ነበር። ጨረር የነካው መርፌ ግን ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ በብረት ሣጥን ተዘግቶበት ይቆያል። አስመረመርኩት። ኢንሱሊን ተገኝቶበታል።»

ኦሃድ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «መድኃኒቱ አንዳንድ ዕጢ ይስታል» አለ ቀስ ብሎ። «ዖዝ ደረሰበት። የዕድሜ ልክ ሥራዬን ሊያፈርስብኝ ነበር።»

«ይስታል?» አለች ይታይሽ። «ንጹሕ ናችሁ ብለን ወደ ቤት የሰደድናቸው ሕሙማንስ?»



ፖሊሶች ኦሃድን ሲወስዱት ሐጋር ይታይሽን በመኪናዋ ይዛ ሽኩና ቫቭ ወደሚባለው የከተማው ሰፈር ነዳች። በሩን የከፈቱት ንጹሕ ነዎት ተብለው ከተሸኙት ሕሙማን አንዷ እማማ ቦጋለች ነበሩ፤ ይታይሽ ካየቻቸው ወዲህ ከስተዋል።

«ግቡ ልጆቼ። በደኅና ነው?»

«ነጠላዎን ይልበሱ፣ እማማ» አለች ሐጋር ክንዳቸውን ይዛ። «ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። መንገድ ላይ ሁሉንም እነግርዎታለሁ።»