ዶክተሩ የጣለውን አደራ ማን አደረሰው?

ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው። የማታምኑ እዚሁ አቁሙ፤ ለማሳመን ጊዜ የለኝም።

የተጀመረው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ ቪየና ከተማ፣ አንድ የቤተ መንግሥት አትክልት ቦታ ውስጥ።

ሰውየው ዶክተር አልአዛር ይባላል። ዛሬ እዚህ ዮቪል፣ የጆሃንስበርግ ስደተኞች ሰፈር፣ ከእኔ ክፍል አጠገብ ተከራይቶ ይኖራል። ያኔ ግን በዮቪል ሲያልፍ የመኪናውን መስኮት ይዘጋ ነበር። የዓይን ሐኪም ነው። ጆሃንስበርግ ሃያ ዓመት ሲኖር፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ የከፈተውን አበሻ ሁሉ «እነዚህ» እያለ ነው የሚጠራው።

«እነዚህ»... በቃ። ስም የላቸውም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልወደውም። አሁንም ቢሆን።

ቪየና የሄደው ለሦስት ቀን ነው። ሁለቱ ቀን የዓይን ሐኪሞች ስብሰባ፣ ሦስተኛው ቀን ከተማ ማየት። ወር ሙሉ ግን የሚያወራው ስለ ሆቴሉ ብቻ ነበር።

ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ዱካሞ ቤቱ መጣ። ዱካሞ ዳቬይተን ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ ያለችው የሆሳዕና ልጅ ነው። እህቱ ኤርጎጌ ቪየና ውስጥ አሮጊቶች እየጦረች ትኖራለች። አሥራ ሁለት ዓመት አልተያዩም፤ የእሱ የጥገኝነት ወረቀት ድንበር አያሻግርም። አምና እናታቸው ስታርፍ ሁለቱም አልቀበሯትም። ከሀገር ቤት የመጣ ሰው የእናታቸውን ሻሽ ለዱካሞ አመጣለት። እሱም በመቀስ ለሁለት ከፈለው።

አንደኛውን ግማሽ በፌስታል ጠቅልሎ ነበር የመጣው።

«ዶክተር፣ ይቺን ብቻ...» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ለኤርጎጌ። በእጇ። ጌታ ይባርክዎት።»

አልአዛር በሁለት ጣቱ ተቀበለው። ግባ እንኳን አላለውም። በሩን ዘግቶ ፌስታሉን አሸተተና፣ «ቅቤ ቅቤ ይላል» አለ።

ሚስቱ ፀደይ ሰማችው። ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም።

«ሰው ስትንቅ አሥር ዓመት አየሁህ» አለችው ቀስ ብላ። «ደክሞኛል። ይህችን አንዲት ነገር አድርስ። ካላደረስክ... እዚህ ቤት አትመለስ።»

ሳቀ። እንዳልቀለደች ግን ገብቶታል።

አየር ማረፊያ ሲደርስ ፌስታሉን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ሻንጣው እንዳይሸት ነው እንግዲህ! የሞተች ሴት ሻሽ። ይህን ሲነግረኝ እንኳን ትንሽ አላፈረም።

ስብሰባው አለቀና ቅዳሜ ብቻውን ወጣ። ትልቁን ካቴድራል አየ፤ «ያን ያህልም አይደል» አለ። ኬክ በላ፤ ደረቀብኝ አለ። ከዚያ ቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታ ገብቶ ራሱን ፎቶ ማንሳት ጀመረ።

ስልኩ ጮኸ።

ዱካሞ ነው፣ የድምፅ መልእክት። እያለቀሰ ነው።

«ዶክተር! አሁን ደወለችልኝ። ሻሹን ፊቷ ላይ አድርጋ... ራስዎ ቤቷ ድረስ ወሰዱላት! ምሳ በሉ፣ አብረዋት ጸለዩ... እኔ ምን ልበል? ጌታ ዘመንዎትን ይባርክ።»

አልአዛር ሁለቴ ሰማው።

ሌላ ሰው ቢሆን ላብ ያጠምቀው ነበር። እሱ ምን ያሰበ ይመስላችኋል?

«እነዚህ ደግሞ ሰው እንኳን አይለዩም።»

ወዲያው የፀደይ መልእክት ገባ። «ዱካሞ ነገረኝ። ኮራሁብህ።»

እንዲህ ብላው አታውቅም።

እዚህ ላይ «ኧረ እኔ አይደለሁም» ማለት ይችል ነበር። አንድ መስመር። ምን ይጎዳዋል? እሱ ግን ያልሠራበትን ምስጋና ኪሱ ከተተ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ ጻፈ፦

«ምንም አይደል። ደስ እያለኝ ነው ያደረስኩት።»

መልሱ እንደሄደ... ዱካሞ ፎቶ ላከለት።

ጠባብ ወጥ ቤት ነው። አንዲት ሴት ግማሽ ሻሽ ራሷ ላይ አስራለች። አጠገቧ አልአዛር ተቀምጧል።

የራሱ ፊት። የራሱ መነጽር። ሆቴል ሻንጣው ውስጥ የተዋት ሰማያዊ ክራቫት።

ግን ሰውየው የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጁ ይዟል።

ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

አልአዛር ፈራ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰው የሚፈራው ነገር ሁሉ ለእሱ የመሃይም ወሬ ነበር። ታክሲ ይዞ ወደ ሆቴሉ በረረ።

እንግዳ ተቀባይዋ ስታየው ፈገግታዋ ጠፋ።

«የረሱት ዕቃ አለ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከአንድ ሰዓት በፊት ክፍሉን ለቀው ወጥተዋል እኮ። ሁላችንንም በየስማችን ጠርተው... ተሰናብተውን።»

አልአዛር ሦስት ቀን ሙሉ የአንዳቸውንም ስም አልጠየቀም።

ክፍሉ ባዶ ነበር። አንሶላው ተቀይሯል። ሻንጣው የለም። የቀረው ኪሱ ውስጥ የነበሩት ፓስፖርትና ስልክ ብቻ ናቸው።

በዚያው ምሽት በረራ ተመለሰ። እሑድ እኩለ ቀን ጆሃንስበርግ አረፈ። ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ለፀደይ ደወለ።

ጠራ... ጠራ... ሊዘጋ ሲል አነሳችው። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«አቤት።»

«እኔ ነኝ። ደርሻለሁ። ስሚኝ፣ አንድ ነገር...»

«ማን እንደሆንክ አውቃለሁ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ጠዋት ገባ» አለች። «እንዴት ነሽ አለኝ። እስክመልስለት ጠበቀኝ። ዱካሞንም ራሱ ደውሎ ምሳ ጠርቶታል።»

«ፀደይ! እሱ እኔ አይደለሁም!»

«አውቃለሁ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። «አንተ እንዳልሆነ ገና በሩን ስከፍት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አስገባሽው?»

ስልኩ ተዘጋ።

ታክሲ ይዞ ሄደ። የግቢው መግቢያ ላይ የጣት አሻራ የሚያነብ ማሽን አለ። አውራ ጣቱን አሳረፈ። ቀይ መብራት። ጠረገና ደገመ። ቀይ።

ዘበኛው ወጣ። አልአዛር ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎት አያውቅም።

«ሳውቦና ባባ» አለ፣ በዙሉ ሰላምታ። «ማንን ፈልገህ ነው?»

«እዚህ ነው የምኖረው! ዶክተር አልአዛር ነኝ!»

ዘበኛው ሳቀ። «ዶክተር ውስጥ ነው። አሁን ቅድም ምግብ አምጥቶልኛል።»

አልአዛር በብረቱ መሃል አጮለቀ። ቤቱ ከበሩ ሩቅ አይደለም። በረንዳው ላይ ምሳ ቀርቧል። ዱካሞ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። ፀደይ ትስቃለች፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ከልቧ።

መሃላቸው የተቀመጠው ሰውዬ ቀና አለ።

በቀጥታ ወደ በሩ አየ። ከወንበሩ ተነሳ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፤ ለማያውቁት ሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ።

አልአዛር ሊጮህ አፉን ከፈተ። ግን ዓይኑ ብረቱን የያዙት ጣቶቹ ላይ አረፈ። አንድ እጁን አንስቶ ወደ ፊቱ አስጠጋው። መነጽሩን አውልቆ ደግሞ አየ።

አውራ ጣቱ ላይ አንድም መስመር የለም።

ሌላኛውን እጁን አየ።

አሥሩም ጣቶቹ... ልሙጥ ናቸው።